ግድቡ የማን ነው? ጠባቂውስ?

የአፈር ግድብ ለመስኖ፣ ለከብት መጠጥ፣ ለዓሣ እርባታ ወይም ለመዝናኛ ውሃ ያቁራል። ይሁን እንጂ የግልም ሆነ የማኅበር፣ በተደረመሰ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከግርጌው የሚኖረው ሕዝብ ነው። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ በኬሊ ባርንስ ግድብ የደረሰው አደጋ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ግድቡ ከቶኮዋ ፏፏቴ በላይ ባለው ጅረት ላይ የተሠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ ከእንጨትና ከድንጋይ የተዋቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 በሥፍራው የሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት አፈር አልብሶ አሳደገው። ቁመቱም በመጨረሻ 12 ሜትር ገደማ ደረሰ። በ1957 የኤሌክትሪኩ ሥራ ሲቆም ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ።

ግድቡ ጥቅም መስጠቱን ቢቀንስም ውሃው መግፋቱን አልቀነሰም። የግድቡ ጀርባ በጣም ቀጥ ያለ ከመሆኑም በላይ ዛፍ በቅሎበት ነበር። በ1973 በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ከጀርባው የተወሰነው ክፍል ተንሸራቶ ይታያል። በዚያን ጊዜ ግዛቱ የግል ግድቦችን ደኅንነት የሚቆጣጠርበት ሕግ አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 (ጥቅምት 27 ቀን 1970 ዓ.ም.)፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ግድቡ ተደረመሰ። ከበታቹ በኮሌጁ ግቢ ተኝተው ከነበሩት ሰዎች 39ኙ ሞቱ፤ ከእነዚህም 20ዎቹ ሕፃናት ነበሩ። መርማሪዎች አንድ ብቸኛ ምክንያት አላገኙም፤ የጀርባው ቀጥ ማለት፣ የአፈሩ በውሃ መራስና የውስጥ ስርገት ተደራርበው ሳይሆን እንዳልቀረ ገለጹ።

ከአደጋው በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር አደገኛ ሥፍራ ላይ ያሉ የግልና የግዛት ግድቦች እንዲመረመሩ አዘዙ። የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች እስከ 1981 ድረስ ወደ 8,800 የሚጠጉ ግድቦችን መርምረው ሲሦ ያህሉን አስተማማኝ አይደሉም አሉ። ጆርጂያም በ1978 የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች።

የአፈር ግድብ ባሕርይ የትም ቢሆን አንድ ነው። ስለሆነም ኩሬ ወይም ግድብ ያለው ማኅበር የሚከተሉትን ሊዘነጋ አይገባም።

አንደኛ፣ ከግርጌ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ከሆነ መጠኑን መከታተል፣ ከደፈረሰ ግን አፈሩን ይዞ እየወጣ ነውና ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ግድቡ ላይ ዛፍ አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። የአውሬ ጉድጓድም ባለሙያ ባዘዘው መሠረት መደፈን አለበት። ሦስተኛ፣ ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰ የአፈር ግድብ ስለሚሸረሸር፣ ትርፍ ውሃ የሚያስወጣው ቦይ ከክረምት በፊት ይጠረግ። አራተኛ፣ ከግርጌው ቤት እንዳይሠራ መከላከል፣ ቀድሞ የሠፈሩት ደግሞ በማን ማስጠንቀቂያ ወዴት እንደሚሸሹ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ወይም አገልግሎቱ ሲለወጥ፣ ጥገናውን የሚሠራው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን። በውሃው የሚጠቀም ሁሉ ለግድቡ ኃላፊ ነው፤ ኃላፊው ካልታወቀ ግን ዕዳውን የሚከፍሉት ከታች የተኙት ናቸው።