ጠይሟ ሙሽራ ለምን ሰማያዊ ሆነች?

የጥር ሠርግ ነው። ግቢው ላይ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል፤ የቀትሩ ፀሐይ በሸራው ተጣርቶ እንግዶቹ ላይ ይወርዳል። ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው፤ ቬሎው ነጭ፣ ሙሽራዋም ጠይም። አልበሙ ሲመጣ ግን ቬሎው ሰማይ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። እናት ገልጠው ሲያዩ «ልጄን አሟት ነበር እንዴ?» ይላሉ።

ካሜራው የደረሰውን ብርሃን ነው የመዘገበው። ልዩነቱ ያለው እኛ ዘንድ ነው። አእምሯችን የብርሃኑን ቀለም ገምቶ፣ ያንን ቀንሶ ያሳየናል፤ እንጀራ በሻማም በፀሐይም ያው እንጀራ የሚመስለን ለዚህ ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ሻማ 1,900 ገደማ፣ ባለ ክሩ አምፖል 2,800 ገደማ፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ደግሞ 7,000 እና ከዚያ በላይ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ፎቶው ወደ ብርቱካንማ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ቱቦ መብራት ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያጠላል፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳና ሸራም የራሱን ይጨምራል።

ይህን ባዕድ ቀለም የማውጣት ሥራ ዋይት ባላንስ ይባላል። በዲጂታል ፎቶ ውስጥ እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ቁጥሮች አሏት፤ በተለመደው ፋይል እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይሄዳሉ። ግራጫ ነገር ላይ ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሰማያዊው በልጦ ከተገኘ ትርፉን ያመጣው ብርሃኑ ነውና ሚዛኑ በዚያው ልክ በመላው ፎቶ ላይ ይታረማል።

ችግሩ የትኛውን ነጥብ እንመን የሚለው ነው። ብዙ ሰው ነጭ ልብስ ይመርጣል፤ ነጭ ልብስ ግን ያሳስታል። ብዙ የፋብሪካ ጨርቅ ሰማያዊ በሚያንጸባርቅ ማንጫ ተነክሯል። ብርሃን የበዛበት ቬሎ ላይ ደግሞ ሦስቱም ቁጥሮች 255 ደርሰው ስለሚቆሙ የሚነግሩን ነገር የለም። በኬሚካል ያልነጣ የሸማ ጥጥ በተፈጥሮው ወደ ወተትማ ስለሚያደላ፣ በግድ ነጭ ስናደርገው ፊቱን ወደ ሰማያዊ እንገፋዋለን። አስተማማኙ ግራጫ ካርድ ነው፤ እዚያው ብርሃን ውስጥ አንድ ጊዜ አንስቶ፣ ኋላ በላይትሩም ወይም በፎቶሾፕ እርሱን መንካት። ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል የተነሳ ፎቶ ይህን ሁሉ ሳይጎዳ ይቀበላል፤ ጄፔግ ግን ቶሎ ይሰነጣጠቃል።

ካርድ ካልተያዘስ? ያኔ ፊቱ ራሱ ይመሰክራል። አማርኛ የሰው መልክ ሲጠራ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይላል፤ ፈካ ያለውን ሐበሻ «ቀይ» እንለዋለን እንጂ ነጭ አንለውም። ይህ አጠራር ከቁጥሩ ጋር መስማማቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በቀና ብርሃን የተነሳ ቆዳ ላይ ከፍተኛው ቁጥር የቀይ ነው፣ አረንጓዴ ይከተላል፣ ሰማያዊ መጨረሻ ነው፤ ለምሳሌ 150፣ 105፣ 80። ሰማያዊው አረንጓዴውን ካለፈ ፊቱ ላይ ባዕድ ቀለም አለ። የቪዲዮ ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ቬክተርስኮፕ ላይም የጥቁሩም የፈረንጁም ቆዳ በአንድ መስመር ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ደምና ሜላኒን ሁላችንም ውስጥ አሉና። በዋናነት የሚለየን ድምቀቱ ነው።

መሣሪያዎቹ ግን ለረጅም ጊዜ ሁላችንንም እኩል አላዩም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች በሚልከው «ሸርሊ ካርድ» ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ነበረች፤ ለአሥርታት ቀለም ሲስተካከል የኖረው በእርሷ ፊት ነው። ጎግል የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ሪል ቶን የተባለውን አሠራር በፒክስል 6 ስልክ ያወጣው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዓመቱም የሃርቫርዱ ሶሲዮሎጂስት ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን ባለ 10 ደረጃ የቆዳ ቀለም መለኪያ ይፋ አደረገ።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ካሜራው የትዕይንቱን ሁሉ ድምቀት ወደ መካከለኛ ግራጫ መሳቡ አልቀረም። ነጭ ቬሎ ክፈፉን ሲሞላው ፎቶውን ያጨልመዋል፣ የጠይሟም ፊት አብሮ ይሰምጣል። ኋላ ላይ በግድ ሲፈካ ጥላው ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይወጣል። ብርሃኑን በፊቷ መለካት ነው ያለው።

አንድ ነገር ግን ከእርማት አልቆጥረውም፦ ማንጣት። የስልኮች «ቢዩቲ» ማጣሪያና የአንዳንድ ፎቶ ቤቶች ልማድ ፊትን አንድ ሁለት ደረጃ ያፈካል፤ በዚህም የሰውየው መልክ ይጠፋል። ስለዚህ የሠርግ ፎቶ ስታሠሩ ለአንሺው አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «ቀለሙን አስተካክልልን፣ ፊታችንን ግን አታንጣው።»