ነባር መምህራንና ማያ ገጽ፦ ከፕላዝማ እስከ ቴሌግራም

ነባር መምህራን የበይነ መረብ ትምህርትን ለመቀበል ዳተኞች ናቸው የሚለው ወቀሳ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ ዳተኝነቱ አለ ቢባል እንኳ ምንጩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን መምህሩ ከማያ ገጽ ጋር መጀመሪያ የተዋወቀበት ሁኔታ ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና በተለምዶ «ፕላዝማ» የሚባለው ሥርዓት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጹ ትምህርቶችን በእንግሊዝኛ ቋንቋ በሳተላይት ወደየክፍሉ የሚያሰራጭ ነበር። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም፤ ብቁ የሒሳብና የሳይንስ መምህር በማይገኝበት ገጠር የሚማር ልጅ ከአዲስ አበባው እኩያው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ሆኖም ሥርጭቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት የሚለቀቅ ስለነበር ተማሪው አልገባኝም ቢል ማስቆምም ሆነ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ መምህሩም በክፍለ ጊዜው መግቢያና መዝጊያ ላይ ከተተዉለት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ሆኖ ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ግን ጠመኔ አንስቶ የጎደለውን እንዲሞላ የሚጠበቀው ያው መምህር ነበር።

ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲዘጉ ሲወሰን ነገሩ ተገለበጠ። በተለይ በከተማ ትምህርት ቤቶች መልመጃ በቴሌግራም መላክ፣ ማብራሪያን በድምፅ መቅዳት፣ በስልክ ፎቶ የተነሣ ደብተር ማረም የመምህሩ ሥራ ሆነ። እዚህ ላይ ልምድ ዋጋ አገኘ፦ ተማሪዎች ከዓመት ዓመት የት እንደሚሰናከሉ የሚያውቅ መምህር ማብራሪያውን እዚያው ላይ ያሳጥራል፣ ይደግማል፣ ሲያስፈልግም በአማርኛ ይፈታዋል፤ ፕላዝማው የከለከለውም ይህንኑ ነበር። በአንጻሩ የተማሪውን ፊት አይቶ መረዳቱን የመገመት የቆየ ብልሃቱ በስልክ አይሠራም፤ የዳታ ፓኬጁም ወጪ ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ ደግሞ ይህም መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ኔትወርክም ለሌለው የገጠር ተማሪ ግን መንገዱ ቀድሞም አልተከፈተለትም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒውተር ከተሰጠ ወዲህ፣ በጥቁር ሰሌዳ የሚያስተምረው መምህር ተማሪውን በማያ ገጽ ለሚሰጥ ፈተና ማዘጋጀት ይጠበቅበታል፤ መፈተኛው ከማስተማሪያው ቀድሟል።