ቁምሳጥን ውስጥ የተረሳው ማስረጃ

አንድ የቦኖሻ ልጅ በውስጥ መስመር፣ «በዲኤንኤ ምርመራ ነጻ ወጣ የሚባለው ነገር እውነት ነው ወይስ ፊልም?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው። እኛ ዲኤንኤን የምናውቀው በአባትነት ክርክርና በ2011ዱ የኢቲ 302 አውሮፕላን አደጋ ነው፤ የሟቾቹን አስከሬን ለመለየት ከዘመድ ናሙና ተወስዶ ነበር። እስረኛ ሲያስፈታ ግን ብዙም አልሰማንም።

ከርክ ብለድስዎርዝ የሚባል የአሜሪካ ሜሪላንድ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ጫካ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። አምስት ምስክሮች «እሱን አይተነዋል» አሉ፤ በማግስቱ ዓመት ሞት ተፈረደበት። በይግባኝ ጉዳዩ እንደገና ቢታይም ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት ተከናነበ። ምስክሮቹ ሆን ብለው የዋሹ አይመስለኝም። ሁለቱ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ፊቱን አስቀድመው በቴሌቪዥን ያዩም ነበሩበት። አንድ ጊዜ «ይሄ ነው» ያለ ሰው ደግሞ በየችሎቱ እርግጠኝነቱ እየጨመረ ነው የሚሄደው።

ብለድስዎርዝ እስር ቤት ሆኖ ስለ አንድ የእንግሊዝ ጉዳይ የተጻፈ መጽሐፍ እጁ ገባ። እዚያ ሁለት ልጃገረዶች ተገድለው አንድ የ17 ዓመት ልጅ በአንደኛዋ ግድያ ለፖሊስ የእምነት ቃል ሰጥቶ ነበር። አሌክ ጄፍሪስ የተባለው ሳይንቲስት ዘረመሉን ሲመረምር ልጁ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱንም የገደለው ኮሊን ፒችፎርክ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር። (እምነት ቃል ሰጥቷል ሲባል ነገሩ አለቀ የምትሉ ይህችን ያዙልኝ።)

ብለድስዎርዝ ይኸው ምርመራ ለእኔም ይደረግ አለ። ማስረጃው ጠፍቷል፣ ተወግዷል ተባለ። ጠበቃው ግን ሲያፈላልግ የሟቿ የውስጥ ልብስ የዳኛው ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ ተገኘ! በ1993 የምርመራው ውጤት ልብሱ ላይ ያለው ዘረመል የእሱ አለመሆኑን አሳየ፤ ወደ ዘጠኝ ዓመት ከታሰረ በኋላ ተፈታ። እውነተኛው ገዳይ የታወቀው በ2003 ነው፤ በዚያው እስር ቤት ከእሱ በታች ባለው ፎቅ ይኖር የነበረ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ዲኤንኤ ብቻውን ሰው አያስፈታም። ልብሱ ባይቀመጥ ምርመራው ምን ላይ ይደረግ ነበር?

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፖሊስ ተጠርጣሪን በሐኪም እንዲያስመረምር፣ ደም ጭምር እንዲያስወስድ ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ተጨማሪ ማስረጃ ሊሰማ ይችላል። ይግባኙ ካለቀ በኋላ ነው መንገዱ የሚጠበው። ሰበር ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ «አዲስ ማስረጃ አገኘሁ» ብሎ እዚያ መሄድ አያዋጣም። የፍትሐ ብሔሩ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ እንደገና የሚታይበትን በር በአንቀጽ 6 ከፍቷል፤ የወንጀሉ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ በር የለውም። ይቅርታ አለ ትሉኝ ይሆናል። ይቅርታ ቅጣቱን ይምራል እንጂ ጥፋተኝነቱን አይፍቅም፤ ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ጠይቅ ሲባል ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ ክፍተት በሕግ መደፈን አለበት።

እስከዚያው፣ ዘመድ የተፈረደበት ካለ፦ የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርባል፤ የውሳኔ ግልባጭ ከተቀበላችሁ በኋላ ደግሞ ማመልከቻው በ30 ቀን። ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ልብስ፣ ቢላ፣ ደም የነካው ነገር በኤግዚቢትነት ተይዞ ከሆነ እንዳይወገድ ለፍርድ ቤቱ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻችሁም ከመዝገቡ ጋር መያያዙን ሬጅስትራር ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ።