ዓሣ ነባሪን ከጀልባ ላይ ፎቶግራፍ ማንሣት

እረኛ ከብቶቹን በምን ይለያቸዋል? በመልካቸውና በምልክታቸው ነው። አንዱን በሬ ቡሬ፣ ሌላውን ቦራ፣ ሦስተኛውን ዳለቻ ብለን እንጠራለን። መቶ ከብት አንድ ላይ ቢሰማራም ባለቤቱ የራሱን አይስትም። በባሕር ውስጥ የሚኖረውን ዓሣ ነባሪስ በምን መለየት ይቻላል? በዚህ ጽሑፍ ይህንን እንመለከታለን። ለሥራው የሚያስፈልገው ካሜራ ምን ዓይነት ሌንስ ሊኖረው እንደሚገባም እናያለን።

ሀ. የዓሣ ነባሪ ምልክት

ዓሣ ነባሪ ስሙ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ ላም ይወልዳል፤ ግልገሉንም ጡት ያጠባል። እንደ እኛም አየር ይተነፍሳል። ስለዚህ ለመተንፈስ የግድ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል።

ከዓሣ ነባሪ ዓይነቶች አንዱ ሃምፕባክ ይባላል። ርዝመቱ 14 ሜትር ያህል ይሆናል። ክብደቱ እስከ 300 ኩንታል ይደርሳል። ይህ እንስሳ ወደ ጥልቁ ሊገባ ሲል ብዙውን ጊዜ ጭራውን ከውኃው በላይ ያነሣል። ከጭራው ሥር ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ይታያል። የአንዱ ዝንጉርጉር ከሌላው አይመሳሰልም። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በአውራ ጣቱ ይፈርም የለም? የሃምፕባክ ጭራም እንደዚያ አሻራ ነው።

ለ. ፎቶግራፉ ለምን ይጠቅማል?

ዓሣ ነባሪዎች በየዓመቱ ከቀዝቃዛ ባሕር ወደ ሞቃት ባሕር ይጓዛሉ። ድሮ አዋቂዎች መንገዳቸውን ለማወቅ ይቸገሩ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ቁጥር የተጻፈበት ብረት በጠመንጃ ወደ ሰውነታቸው ይተኮስ ነበር። ብረቱ የሚገኘው ግን እንስሳው በአዳኞች ተገድሎ ሥጋው ሲከተፍ ነው። እንግዲህ የት እንደ ደረሰ የሚታወቀው ከሞተ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ፎቶግራፍ ይህንን ለወጠው። በአሜሪካ፣ ከቦስተን ከተማ ወዲያ ባለው ባሕር፣ አንዲት ሃምፕባክ በ1970ዎቹ አጋማሽ ታወቀች። በጀርባዋ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ምልክት ስላላት ስሟ በእንግሊዝኛ ሶልት ተባለ። ጨው ማለት ነው። እኛ በሬን በመልኩ እንደምንሰይመው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ይህችው ሶልት በዶሚኒካን ሪፑብሊክ አጠገብ ታየች። ከቦስተን እስከዚያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዓመታት ከግልገሎቿ ጋር እየተመለሰች ታይታለች። መንገዷ የታወቀው ሳትገደል ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፎቶግራፉ የሚነበብ ሲሆን ነው። ምልክቱ ካልታየ ፎቶግራፉ ፊደሉ እንደ ጠፋ ደብዳቤ ነው።

ሐ. ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

ሌንስ ከመስተዋት የተሠራ የካሜራ ዐይን ነው። በላዩ በሚሊሜትር የተጻፈ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሩቁን ነገር ያቀርባል። ነገር ግን የሚታየውን ቦታ ያጠበዋል። በሸምበቆ ቀዳዳ እያየ የሚሮጥ ፍየል ለመከተል የሞከረ ሰው ይህ ይገባዋል።

አሁን በምሳሌ እናስላ። ዓሣ ነባሪው ከጀልባው 100 ሜትር ይርቃል እንበል። የጭራው ስፋት 4 ሜትር ነው እንበል። ካሜራው የተለመደው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ይሁን።

1. በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 72 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ይታያል። ጭራው በመካከሉ እንደ ዝንብ ያንሳል። ምልክቱ አይለይም።

2. በ300 ሚሊሜትር ሌንስ 12 ሜትር ስፋት ይታያል። ጭራው የፎቶግራፉን አንድ ሦስተኛ ይይዛል። ምልክቱ ይነበባል።

3. በ600 ሚሊሜትር ሌንስ 6 ሜትር ብቻ ይታያል። ጭራው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል።

ታዲያ 600ው አይበልጥም ወይ? በየብስ ላይ ቢሆን ይበልጥ ነበር። ጀልባ ግን አትቆምም፤ ማዕበሉ ያወዛውዛታል። ካሜራው በጥቂቱ ቢዘነበል እይታው በ3 ሜትር ይሸሻል። በ300ው ጭራው ከነሙሉነቱ ውስጥ ይቀራል። በ600ው ግን ግማሹ ይቆረጣል። ደግሞም እንዲህ ያለው ሌንስ 3 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን አለ። እሱን ይዞ ቀኑን ሙሉ መቆም ክንድ ይሰብራል። ስለዚህ ከጀልባ ላይ ለሚሠራ ሰው 300 ሚሊሜትር አካባቢ ያለው ይመረጣል።

ቁጥሩ በእጅ ሲዞር የሚለዋወጥ ሌንስም አለ። ዙም ይባላል። ከ100 እስከ 400 የሚደርሰው ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ዓሣ ነባሪው በራሱ ፈቃድ ወደ ጀልባው ሊቀርብ ይችላልና፣ ያን ጊዜ ቁጥሩን መቀነስ ነው። ሌንስ ለመቀየር ካሜራው ባሕር ላይ ቢከፈት ግን ጨዋማ ፍንጣቂ ገብቶ ያበላሸዋል።

ዛሬ አብዛኛው ካሜራ ፊልም የለውም፤ ዲጂታል ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባሉ። በነሱ 200 ሚሊሜትሩ እንደ 300 ያህል ይሆናል።

መ. በጀልባው ላይ ሲሠራ

የካሜራው መዝጊያ በፍጥነት መከፈትና መዘጋት አለበት። የሴኮንድ 1,000ኛ እጅ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ በጀልባ ላይ አይረዳም፤ የሞተሩን መንቀጥቀጥ ወደ ካሜራው ያመጣዋል። ይልቅስ ክንድን ከጎን ማስጠጋት፣ ጉልበትን ላላ ማድረግ ነው። በበቅሎ ላይ የሚቀመጥ ሰው ወገቡን እንደሚያላላ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ እንስሳውን ማሳደድ አይገባም። የጀልባው ሞተር መዘውር ሊቆርጠው ይችላል። ግልገልንም ከእናቱ ሊለይ ይችላል። በሃዋይ ደሴቶች አካባቢ ጀልባ ከሃምፕባክ 90 ሜትር ያህል እንዲርቅ ሕግ ያዛል። ጥሩ ሌንስ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። ዐይናችንን ያቀርባል፤ ጀልባችንን ግን አያስጠጋም።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመረጠው በትልቅነቱ አይደለም። ለሥራውና ለቦታው በመስማማቱ ነው። ለጭቃ መሬትና ለድንጋያማ መሬት አንድ ዓይነት ማረሻ እንደማይሆን ሁሉ፣ ለየብስና ለጀልባም አንድ ዓይነት ሌንስ አይሆንም።

ጥያቄዎች

1. ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ከሌላው ሃምፕባክ በምን ይለያል?
2. በጀልባ ላይ 600 ሚሊሜትር ሌንስ የማይመረጠው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ እንስሳትን በምን በምን ምልክት ትለያላችሁ? ተወያዩበት።