መብረቅ፣ አንቴናና የቤታችን ግራውንድ

ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት ፓሪስ ላይ ከተመሠረተ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሞላው። በአገራችን የዚህ ሙያ መታወቂያ አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። በዓሉን ምክንያት አድርጎ ቤቱ ላይ አንቴና ሊተክል የሚያስብ ወጣት ግን ከሬዲዮው በፊት ስለ መብረቅ ይወቅ።

ለደጋው ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። በከተማዋ ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ክብ ሕንፃ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በመብረቅ እንደ ተቃጠለ ይነገራል። ከአዘዞ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ፀዳም ቢሆን በባሕር ዛፍ ምሰሶ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ የሚወጣ ማንኛውም ሽቦ ለመብረቅ ከጎረቤቱ ይበልጥ ይጋለጣል።

የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ከፈልሳፊው ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ዘመን ጀምሮ አለ። ጫፉ ሹል ይሁን ዱልዱም የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም። ተመራማሪው ቻርልስ ሙር አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ተራራ ላይ ሁለቱንም ለዓመታት ጎን ለጎን ቢተክል መብረቁ የመታው ዱልዱሞቹን ነው። ለመኖሪያ ቤት ግን ወሳኙ የዘንጉ ጫፍ ሳይሆን ታች መሬት ውስጥ የሚቀበረው ግራውንድ ነው።

ብዙዎች «ለአንቴናው የብቻው ግራውንድ ይቀበርለት፣ ከቤቱ መብራት ጋር አይነካካ» ይላሉ። ጥንቃቄ ይመስላል፤ አደገኛ ስሕተት ነው። አንድ መብረቅ 30,000 አምፔር ገደማ ይዞ ይወርዳል እንበል። የግራውንዱ ተቃውሞ 10 ኦም ከሆነ በዚያች ቅጽበት የግራውንዱ ቮልቴጅ ወደ 300,000 ቮልት ይወጣል። ሬዲዮው በአንድ በኩል ከአንቴናው፣ በሌላ በኩል በሶኬት ከቆጣሪው ግራውንድ ጋር ተያይዟል። ሁለቱ ግራውንዶች ካልተያያዙ ያ ሁሉ የቮልቴጅ ልዩነት የሚያልፍበትን መንገድ የሚያገኘው በሬዲዮው፣ ምናልባትም ማይክሮፎኑን በያዘው እጅ በኩል ነው። በወፍራም መዳብ ሲያያዙ ግን ሁሉም አብረው ከፍ፣ አብረው ዝቅ ይላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በእጅጉ ይቀንሳል። ድንጋያማ በሆነው ደጋ መሬት ተቃውሞውን ዝቅ ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ ማያያዙ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የቀረው ባጭሩ ይህ ነው። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ በማይደርስበት ርቀት ይተከል። ኮአክሲያል ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በሰርጅ አሬስተር (ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን ወደ መሬት በሚያሳልፍ ዕቃ) ይለፍ፤ አሬስተሩም ከዚያው ከተያያዘው ግራውንድ ጋር ይታሰር። ከምሰሶው የሚወርደው መዳብ አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ለመብረቅ ፈጣን ጅረት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን በቀጥታ የወደቀን መብረቅ ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ዕቃ የለም። ስለዚህ ደመናው ሳይጠቁር ገመዱን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት ውጭ አውጡት፤ የኃይል ገመዱንም ከሶኬቱ ንቀሉ። ነጎድጓድ መሰማት ከጀመረ ግን ገመድ ለመንቀል አትነሡ፤ ከሬዲዮው ራቁ።