በአሜሪካ አገር በከተማ በዓል ላይ ለመሸጥ ስለሚጠየቅ ኢንሹራንስ

አክስቴ በአሜሪካ አገር፥ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ይኖራሉ። በሥራ ቀን በሞግዚትነት ያገለግላሉ፤ በበጋ ግን (የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ልብ ይሏል) ቅዳሜና እሑድ በሕዝብ በዓል ላይ ድንኳን ተክለው ሳምቡሳና ቡና ይሸጣሉ። ካቻምና አንድ ቀን 300 ሳምቡሳ ጠብሰው፥ የቦታውንም ኪራይ አስቀድመው ከፍለው፥ በማለዳ ከበዓሉ ቦታ ደረሱ። ተቈጣጣሪው ግን የኢንሹራንስ ወረቀታቸውን ተመልክቶ፥ የከተማው ስም በሚገባው ስፍራ አልተጻፈም ብሎ መለሳቸው። ሳምቡሳው ለጎረቤት ታደለ።

ይህን በስልክ በነገሩኝ ጊዜ እጅግ ተናደድሁ። አንድ ስም ስፍራውን ስለ ሳተ ለፍቶ አዳሪ ሰው ከነምግቡ ይመለሳልን? በዚሁ ምክንያት ነገሩን መመርመር ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም ለመጽሔታችን አንባብያን አቀርባለሁ።

በዚያ አገር መንገድ ዘግቶ ወይም የሕዝብ መናፈሻ ይዞ በዓል ሊያደርግ የሚሻ ማኅበር አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያወጣል። ከፈቃዱ ጋራ ከሚመጡት ግዴታዎች አንዱ ኢንሹራንስ ነው፤ አዘጋጁ ለራሱ ይገባል፥ ብዙውን ጊዜም እያንዳንዱ ሻጭ በበኩሉ እንዲገባ ይደረጋል። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ በበዓሉ ላይ አንድ ሰው ቢጎዳ ጠበቃው የሚከሰው ሻጩን ብቻ ስላይደለ ነው። ሻጩን፥ አዘጋጁንና የመንገዱን ባለቤት ከተማውን አንድ ላይ ሊከስ ይችላል። ከሳምቡሳ ሻጭ ኪስ ብዙ አይገኝም፤ ከከተማው ካዝና ግን ይገኛል፤ ካዝናው ደግሞ የግብር ከፋዩ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ ነገሩ በእኛ አገር «ዋስ ጥራ» እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ ዋሱ ዘመድ ወይም ጎረቤት ሳይሆን ኩባንያ መሆኑ፥ ዋስትናውም አረቦን በሚባል ክፍያ የሚገዛ መሆኑ ነው። ለእኛም ቢሆን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 799 መሠረት ባለመኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ ይገደዳል፤ በመኪና መስተዋት ላይ ተለጥፎ የምናየው ምልክት የዚሁ ምስክር ነው። ባለመኪናውና ኩባንያው ሁለት ወገኖች ናቸው፤ ሦስተኛው በመንገድ ዳር የምንሄደው እኔና እናንተ ነን።

ብዙ ከተሞች ከሻጩ የሚጠይቁት ሽፋን ለአንድ አደጋ 1,000,000 ዶላር፥ በውሉ ዘመን ለሚደርሱት አደጋዎች ሁሉ በጠቅላላው 2,000,000 ዶላር ነው። ይህን ስሰማ፥ አክስቴ ሚሊዮን ከየት ያመጣሉ ብዬ ደነገጥሁ። ነገር ግን ሚሊዮኑ ኩባንያው ቢበዛ ሊከፍል የሚችለው ልክ ነው እንጂ ሻጩ የሚያወጣው ገንዘብ አይደለም። አክስቴ ለሦስት ቀን ብቻ ለሚያገለግል ውል የከፈሉት 120 ዶላር ነበር። ይህም ቢሆን ለትንሽ ሻጭ ቀላል አይደለም፤ ስንት ሳምቡሳ እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

አሁን ወደዚያች ስም እንመለስ። የኢንሹራንሱ የምስክር ወረቀት አንድ ገጽ ነው። በግርጌው የወረቀቱ ተቀባይ ማን እንደ ሆነ የሚጻፍባት ሣጥን አለች፤ የአክስቴ ወኪል የከተማውን ስም የጻፈው በእርስዋ ብቻ ነበር። ይህ ከተማው ወረቀቱ ደርሶታል ከማለት በቀር ምንም መብት አይሰጥም። ከተማው የሚፈልገው በውሉ ላይ «ተጨማሪ መድን ገቢ» ሆኖ እንዲታከል ነው። እንዲህ ከሆነ በአክስቴ ድንኳን ምክንያት ከተማው ቢከሰስ፥ ኩባንያው ለከተማውም ጠበቃ ያቆማል፥ ካሳም ቢፈረድ በውሉ ልክ ይከፍላል። ወረቀቱ ራሱ ውል አለመሆኑን የሚናገር ቃል ታትሞበታል፤ ስለዚህ ጠንቃቃ ከተማ የውሉን አባሪ ገጽ ጭምር ያስቀርባል። ተቈጣጣሪው ልክ ነበር ማለት ነው። እኔን አሁንም የሚያናድደኝ፥ ወረቀቱ ከሳምንት በፊት ተልኮ ሳለ ጉድለቱን ማንም ሳይናገር ምግቡ ከተሠራ በኋላ መነገሩ ነው።

ይህ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ሌላው ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ነው፤ ድንኳን በነፋስ ተነሥቶ ሰው ቢመታ፥ ትኩስ ቡና ቢፈስበት፥ ምግቡ ቢያሳምመው። (ለነፋሱ ብዙ አዘጋጆች በድንኳኑ በየእግሩ 40 ፓውንድ፥ ማለት 18 ኪሎ ያህል ክብደት እንዲታሰር ያዛሉ፤ አስፋልት ላይ ካስማ አይተከልምና።) የሻጩ የራሱ ምድጃ ቢቃጠል ወይም የገንዘብ ሣጥኑ ቢሰረቅ ግን አይከፍልም። ቅጥር ረዳት ቢጎዳ ሌላ ዐይነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ መጠጥ የሚሸጥም እንዲሁ። በከሰል ጀበና ለሚያፈላ ሰው ደግሞ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የራሱ ጥያቄ አለው።

ይህ ሁሉ ለብዙ ወገኖቻችን የዕለት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በልዩ ልዩ ከተሞች በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር ዙሪያ እንኳ ምግብና የባህል ልብስ የሚሸጡት ብዙ ናቸው።

አምና አክስቴ ወኪላቸውን ሁለት ጊዜ ደውለው፥ ስሙን በሚገባ አስጽፈው፥ አባሪውንም ይዘው ቀረቡ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት በድንኳናቸው ፊት የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ገመድ ጠልፏት ወደቀችና እጇ ተሰበረ። ከጥቂት ወር በኋላ የጠበቃ ደብዳቤ ለአክስቴም፥ ለአዘጋጁም፥ ለከተማውም መጣ። አክስቴ ደብዳቤውን ለኩባንያው ሰጡ፤ ኩባንያው ከጠበቃው ጋራ ተነጋግሮ የሕክምናውን ወጪና ካሳውን ከፈለ።

«ልጄ» አሉኝ፥ «ያ ወረቀት ባይኖር ለእናትህ መድኃኒት የምልከው ገንዘብ በዚያች ገመድ ይሄድ ነበር።» አሁን ገመዱን በወፍራም ጎማ ሸፍነው ከድንኳኑ በስተኋላ ነው የሚያሳልፉት።