24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ የተናገረው ሴናተር

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ የተነገረው ቃልን ማክበር ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ታዲያ ቃሉ ራሱ ክፉ ሲሆንስ? ሰው ለክፉ ቃሉ ሲል የወለደውን ቢሰውርስ? ዛሬ የምናቀርብላችሁ የአንድ አሜሪካዊ ሴናተር ታሪክ ይህንን ጥያቄ ያስነሣል።

ሰውየው ስትሮም ተርመንድ ይባላል። የደቡብ ካሮላይናን ክፍለ ግዛት ወክሎ በአሜሪካ ሴኔት ውስጥ ከ47 ዓመት በላይ የተቀመጠ ወግ አጥባቂ ነበር። 100ኛ ዓመቱን የደፈነው እዚያው ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን መምህር ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ለእኛ ለመምህራንና ለእጩ መምህራን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይበሉልን።

ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ገዥነት

ተርመንድ የተወለደው ታኅሣሥ ወር 1902 ኤጅፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1923 ክሌምሰን ከተባለው ኮሌጅ ተመርቆ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እርሻ ያስተምር ጀመር። ስድስት ዓመት ካስተማረ በኋላ በ1929 የአውራጃው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሆነ። በዚሁ ጊዜ ከጠበቃው አባቱ ሥር ሕግ አጥንቶ በ1930 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። ከዚያ በኋላ መሰላሉን በፍጥነት ነው የወጣው፤ በ1933 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባል፣ በ1938 ዳኛ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዳኝነት ወንበሩ ተነሥቶ ዘመተ፤ በሰኔ 1944 ኖርማንዲ በተወረረበት ዕለት ሞተር በሌለው አውሮፕላን ከአየር ወለድ ጦር ጋር ወርዷል። ሲመለስ በ1946 የክፍለ ግዛቱ ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ሌሎቹ የደቡብ ገዥዎች አልነበረም። በ1947 ዊሊ ኧርል የተባለ ጥቁር ወጣት ከእስር ቤት ተወስዶ በነጮች መንጋ ሲገደል፣ ገዳዮቹ ተይዘው ለፍርድ እንዲቀርቡ ተርመንድ አጥብቆ ጠይቋል። 31 ሰዎች ተከሰሱ፤ ብዙዎቹ በፖሊስ ፊት አምነው ነበር። ሁሉም ነጮች የሆኑበት የፍርድ ሸንጎ ግን ማንንም ጥፋተኛ አላለም፤ ሁሉም በነፃ ተለቀቁ።

ስለ ትምህርት ቤቶቹም አንድ ነገር እንጨምር። እሱ ገዥ በነበረበት ዘመን ክላረንደን በተባለው አውራጃ ለነጭ ልጆች አውቶቡስ ሲመደብ ለጥቁር ልጆች አንድም አልነበረም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ወላጆቻቸው የጠየቁት አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ ተከለከሉ። ነገሩ እያደገ ሄዶ ፍርድ ቤት ደረሰ። አቤቱታው ላይ ከፈረሙት መካከል ሥራቸውን ያጡ ነበሩ። ይኸው ክስ በግንቦት 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው» ብሎ በወሰነበት ትልቅ ፋይል ውስጥ ከተካተቱት አምስት ክሶች አንዱ ነበር። ለአንድ አውቶቡስ የተነሣ ጥያቄ የአንድን ታላቅ አገር የትምህርት ሕግ ለወጠ ማለት ነው።

ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር

በ1948 ፕሬዚዳንት ትሩማን የጥቁሮችን መብት የሚያስከብር ፕሮግራም አቀረቡ፤ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የነበረውን የቀለም መድልዎ የሚያስቀር ትእዛዝም ሰጡ። የደቡብ ዴሞክራቶች በመብት ፕሮግራሙ ተቆጥተው ከፓርቲያቸው ተገንጥለው ወጡና ተርመንድን ለፕሬዚዳንትነት እጩ አደረጉት። ያን ጊዜ ባደረገው ንግግር፣ ሠራዊት ሁሉ ቢሰበሰብ እንኳ ደቡቦችን አስገድዶ ጥቁሮችን ወደ ቲያትር ቤታቸው፣ ወደ መዋኛቸው፣ ወደ ቤታቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሊያስገባ እንደማይችል ተናገረ። «ወደ ቤታቸው» ያለውን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በምርጫው አራት ክፍለ ግዛቶችንና 39 የመራጭ ወኪሎችን ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንት አልሆነም፤ ስሙ ግን በመላው ደቡብ ታወቀ። በ1954 አንድ የደቡብ ካሮላይና ሴናተር ሲሞት የፓርቲው ሹማምንት ሕዝቡን ሳያማክሩ ሌላ ሰው እጩ አደረጉ። ተርመንድ ግን መራጩ ስሙን በእጁ በምርጫ ወረቀቱ ላይ እንዲጽፍለት ቀሰቀሰና አሸነፈ። በዚህ መንገድ ሴኔት ለመግባት የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1956 ደግሞ የትምህርት ቤቱን ውሳኔ የሚቃወመውን የደቡቦች መግለጫ የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈው እሱ ነበር። የቀድሞው መምህርና የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ልጆች አብረው እንዳይማሩ ብዕር አነሣ።

ያ ረጅም ንግግር

አሁን ወደ ርእሳችን እንምጣ። በአሜሪካ ሴኔት ደንብ አንድ ሴናተር ለመናገር ተራ ካገኘ፣ እስኪበቃው ድረስ ሊናገር ይችላል። ማንም ሰዓት አይቆጥርበትም። መናገሩን ካቆመ ወይም ከተቀመጠ ግን ተራው ያልፋል። ስለዚህ አንድን ሕግ የማይወዱ ሰዎች ድምፅ እንዳይሰጥበት እየተፈራረቁ በንግግር ጊዜ ይገድላሉ። ንግግሩን ማስቆም የሚቻለው ብዙ ድምፅ ሲገኝ ነው፤ ዛሬ ከ100ው ሴናተሮች 60ው መስማማት አለባቸው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛው ነበር። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እዚያ ቤት በግልባጩ ይሠራል፤ እየተናገሩ የሌላውን መብት ማስቀረት ይቻላል።

በነሐሴ 1957 ለሴኔቱ የቀረበው ሕግ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚመለከት ነበር። ከ1875 ወዲህ የመጀመሪያው የሲቪል መብት ሕግ መሆኑ ነው። ሌሎቹ የደቡብ ሴናተሮች ሕጉ እንዲላላ ካደረጉ በኋላ ጊዜ በንግግር ላለመግደል ተስማምተው ነበር። ተርመንድ ግን ብቻውን ወጣ። ሰውነቱ ውኃ እንዳያበዛ አስቀድሞ በእንፋሎት መታጠቢያ ላቡን አውጥቶ ነበር። ነሐሴ 28 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ተነሥቶ የየክፍለ ግዛቱን የምርጫ ሕግ፣ የነፃነት ዐዋጁን፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን የስንብት ንግግር እያነበበ ሌሊቱን አነጋ። ቀኑም መሸ። በማግስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ተቀመጠ። ጠቅላላው 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ሆነ።

ውጤቱስ? ሕጉ በዚያው ምሽት በ60 ድምፅ ለ15 አለፈ። ንግግሩ አንድም ሴናተር አላስለወጠም።

ወረቀቷ የለወጠችው ሰው

በ1964 መድልዎን የሚከለክለው ታላቁ የሲቪል መብት ሕግ ወጣ። በዚያው ሐምሌ ተርመንድ አንድ የኮሚቴ ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብሎ በር ላይ ከሌላ ሴናተር ጋር ትግል ገጥሞ ወለል ላይ ጥሎታል፤ ሁለቱም የ61 ዓመት ሰዎች ነበሩ! በመስከረም ደግሞ ከዴሞክራቶች ወጥቶ ሪፑብሊካን ሆነ። ይህ የአንድ ሰው መኮብለል ብቻ አልነበረም። መቶ ዓመት ገደማ የዴሞክራቶች የነበረው የደቡብ ነጭ መራጭ በኋላ በገፍ የሄደበትን መንገድ ነው ቀድሞ የሄደው። በ1968 ሪቻርድ ኒክሰን ሲመረጡ የደቡብ ደጋፊዎቻቸውን አጥብቆ የያዘላቸው እሱ ነው።

በ1965 የወጣው የምርጫ መብት ሕግ ግን ነገሩን ሁሉ ገለበጠው። በደቡብ ካሮላይና ጥቁሮች በብዛት ተመዝግበው መምረጥ ጀመሩ። በ1970 ተርመንድ የደገፈው የገዥነት እጩ ተሸነፈ፤ የጥቁሮቹ ድምፅ ወሳኝ ነበር። ተርመንድ ሂሳቡ ገባው። በሚቀጥለው ዓመት ቶማስ ሞስ የተባለ ጥቁር በጽሕፈት ቤቱ ቀጠረ፤ እንዲህ ካደረጉት የደቡብ ሴናተሮች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1982 የምርጫ መብት ሕጉ እንዲራዘም፣ በ1983 የማርቲን ሉተር ኪንግ ልደት የአገር በዓል እንዲሆን ድምፁን ሰጠ።

ሰውየው ልቡ ተመልሶ ነው ወይስ ወንበሩን ፈርቶ? በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልም። የምናውቀው ቅደም ተከተሉን ነው። ስብከት አልለወጠውም፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ አልለወጠውም። የተለወጠው እነዚያ 24 ሰዓት ሙሉ ሊከለክላቸው የቆመባቸው ሰዎች የምርጫ ወረቀት በእጃቸው ከገባ በኋላ ነው። ለቀድሞ ቃሉም በይፋ ይቅርታ ጠይቆ አያውቅም፤ የክፍለ ግዛቶችን መብት ነው የጠበቅሁት ይል ነበር።

ያን ያህል ዘመን እንዴት ቆየ?

አንደኛው ምክንያት የሴኔቱ ልማድ ነው። ብዙ የቆየ ሰው የኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ይደርሰዋል፤ ሊቀ መንበር ደግሞ የበጀትንና የሹመትን ነገር በእጁ ይይዛል። ተርመንድ ከ1981 እስከ 1987 የሕግ ጉዳይ ኮሚቴን፣ ከ1995 እስከ 1999 የጦር ኃይሎች ኮሚቴን መርቷል። የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንትም ነበር፤ ይህ ቦታ ፕሬዚዳንቱ ቢጎድል ከምክትሉና ከተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ቀጥሎ ለሥልጣን ተረኛ የሚያደርግ ነው። መራጩም «ይህን ሰው ካወረድነው ከጀማሪ ልንነሣ ነው» ብሎ ያስባል። ሁለተኛው ምክንያት የአገር ልጅነት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ጡረታ የዘገየበትን ይረዳል፤ ለተመራቂ ተማሪ የደስታ መግለጫ ይልካል። በ1996 ለመጨረሻ ጊዜ ሲመረጥ የ93 ዓመት ሰው ነበር።

በታኅሣሥ 2002 የ100ኛ ዓመት ልደቱ ሲከበር የሪፑብሊካኖቹ መሪ ትሬንት ሎት «በ1948 እሱ ቢመረጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ችግር አይደርስብንም ነበር» የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉ። ቁጣ ተነሣ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ከመሪነታቸው ለቀቁ። የድሮ ቃል እንዲህ ነው፤ ሲጠሩት ይነሣል። ተርመንድ በጥር 2003 ሴኔቱን ተሰናብቶ በሰኔ ሞተ።

የተሰወረችው መምህርት

ከሞተ ከስድስት ወር በኋላ አንዲት የ78 ዓመት ጡረተኛ መምህርት «ስትሮም ተርመንድ አባቴ ነው» ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ወይዘሮ ኤሲ ሜ ዋሽንግተን ዊሊያምስ ይባላሉ። እናታቸው ኬሪ በትለር በተርመንድ ወላጆች ቤት ሠራተኛ የነበረች ጥቁር ልጅ ነበረች። በ1925 ስትወልድ 16 ዓመቷ ነበር፤ መምህሩ ተርመንድ 22 ነበር። እንግዲህ ሠራዊት ቢሰበሰብ ጥቁሮች «ወደ ቤታችን» አይገቡም ሲል፣ በወላጆቹ ቤት ውስጥ ወጥ የምትሠራ፣ ወለል የምትወለውል ጥቁር እንደ ነበረች ያውቅ ነበር። ልጁንም ያውቃት ነበር፤ በ16 ዓመቷ በ1941 እናቷ ወስዳ አገናኝታቸዋለች።

ልጅቱን ያሳደገቻት በሰሜን በፔንሲልቬንያ የምትኖር አክስቷ ነች። ተርመንድ ገንዘብ ይሰጣት ነበር፤ ገዥ ሆኖ ሳለም የጥቁሮች ብቻ በነበረው ኮሌጅ ሄዶ ጠይቋታል። ልጄ ነሽ ብሎ ግን በሰው ፊት አልጠራትም። እሳቸውም ዝም አሉ። በሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት የሌሎችን ልጆች አስተማሩ። ምስጢሩን በተናገሩበት ዕለት ነፃነት እንደ ተሰማቸው ገለጹ። የተርመንድ ቤተሰብም እውነቱን አልካደም። በ2013 አረፉ።

በደቡብ ካሮላይና ምክር ቤት ግቢ የቆመው የተርመንድ ሐውልት የአራት ልጆች አባት መሆኑን ይናገር ነበር። በ2004 «አራት» የሚለው ቃል «አምስት» ተብሎ ተቀረጸ፤ የመምህርቷ ስምም ከሌሎቹ ሥር ገባ። ንግግሩም ቢሆን ክብረ ወሰንነቱ ቀርቷል። በመጋቢት መጨረሻ 2025 የኒው ጀርሲው ጥቁር ሴናተር ኮሪ ቡከር 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናግረው በለጡት።

ለእኛ ምን ይላል?

ውድ እጩ መምህራን፤ ነገ ክፍል ስትገቡ የምትናገሩት ቃል ብዙ ዓመት ይቆያል። የተናገሩትን አለማጠፍ መልካም ነው፤ የተሳሳቱትን አለማረም ግን ጽናት አይደለም። ስሕተት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሆን ጠራርገን እንደገና እንጽፋለን፤ ተማሪ ፊት ማረም ያሳፍራል ብለን ከተውነው ሃምሳው ልጅ ስሕተቱን ይዞ ይሄዳል። ተርመንድ ሰሌዳውን ሳያጠፋ ወጣ። ያረሙለት ሌሎች ናቸው፤ መራጮቹ በወረቀት፣ ልጁ በአንደበቷ፣ ጠራቢው በመሮ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።